ፖሊስ መንገድ ላይ ሲጠይቅህ ዝም ማለት ትችላለህ፣ ደብዳቤው ሲጠይቅህ ግን አትችልም

መጀመሪያ ጥያቄውን ላላነበባችሁት ባጭሩ ላስቀምጠው። ለንደን ውስጥ በራሱ መኪና በፒሲኦ፣ ማለትም በሚኒካብ (በጥሪ በሚሰራ ታክሲ) ፈቃድ የሚሰራ ወንድማችን ነው የጻፈው። የፍጥነት ሊሚቱ 20 ማይል በሆነ መንገድ ላይ ፍጥነት የሚለካ የፖሊስ ካሜራ ቫን ቆሞ አየ፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ስልኩን ደቅኖ ቫኑ ውስጥ ካለው ሰራተኛ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር፣ ማን ፈቀደላችሁ፣ ይሄ ሰው ማራቆቻ ነው ምናምን እያለ። ሁለት ፖሊሶች መጡ። ወንድማችን መኪናውን ዳር እያስያዘ ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት መቅረጽ ጀመረ፣ ከዛ ወርዶ ተጠጋ። አንደኛው ፖሊስ ስምህን ንገረኝ አለው፣ አልናገርም አለ፣ እንደዛ ከሆነ ትታሰራለህ ተባለ፣ ተጯጩኸው ተለያዩ፣ ማታ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ከሳምንት በኋላ በዛው መንገድ በዛው ቀን 27 ስትነዳ ተይዘሃል የሚል ደብዳቤ ቤቱ መጣ። አንዱ ጓደኛው ዝም የማለት መብት አለህ አትመልስ አለው፣ ሌላኛው ደግሞ ከአዲስ አበባ ለጉብኝት የመጣ ዘመዴ ነበር የሚነዳው ብለህ ሙላው አለው። ጥያቄው እንግዲህ ፖሊሱ ስሜን የመጠየቅ መብት ነበረው ወይ፣ መቅረጽስ እችላለሁ ወይ፣ ፖሊስን መሳደብስ ወንጀል ነው ወይ፣ ደብዳቤውንስ ምን ላድርገው ነው።

ወንድሜ፣ እኔ የምሰራው እንደዚህ አይነት የትራፊክ ጉዳይ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልህ። የምነግርህ የእንግሊዝና የዌልስ ህግ ነው፣ ስኮትላንድ ያላችሁ አንዳንዱ ነገር ይለያል።

ከሁሉም በፊት ሁለተኛውን ጓደኛህን እንዳትሰማው። እባክህ። የሌላ ሰው ስም ጽፎ መላክ የስፒድ ጥፋት አይደለም፣ የፍትህን ሂደት ማዛባት የሚባል ወንጀል ነው፣ ከፍተኛው ቅጣቱም በህጉ እስከ እድሜ ልክ ይሄዳል። በተግባር ያን ያህል አይፈረድም ግን እስር ቤት ያስገባል፣ ያስገባም ነበር። የእንግሊዝ ሚኒስትር የነበረውን ክሪስ ሁንን ታስታውሱት ይሆናል። 2003 ላይ ኤም 11 ሞተርዌይ ላይ ስፒድ ካሜራ ያዘው፣ ላይሰንሱን እንዳያጣ ሚስቱ ቪኪ ፕራይስ ነበረች የምትነዳው ተብሎ ፖይንቱን፣ ማለትም ላይሰንስ ላይ የሚመዘገበውን የጥፋት ነጥብ፣ እሷ ወሰደች፣ ከአመታት በኋላ ትዳራቸው ፈረሰና ነገሩ አደባባይ ወጣ፣ 2013 ላይ ሁለቱም ስምንት ስምንት ወር ተፈረደባቸው። ልብ በል፣ የተፈረደበት ስለፈጠነ አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ስለዋሸ ነው። ደግሞ ዘመዴ ከአዲስ አበባ መጥቶ ነበር የምትለዋን ፖሊሶቹ በጣም ያውቋታል፣ ውጭ አገር ያለ ሰው ስም ሲጻፍላቸው ኢንሹራንሱ ላይ ነበረ ወይ፣ እዚህ አገር የገባው መቼ ነው፣ የገባበትን ማስረጃ አምጣ ይላሉ። ባንተ ጉዳይ ደግሞ ይባስ ብሎ ያን ቀን ቦታው ላይ አንተ ራስህ እንደነበርክ የሚያሳይ ቪዲዮ በገዛ እጅህ ለጥፈሃል። እሱ ላይ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጓደኛህ። እሱ ግማሽ እውነት ነው የነገረህ፣ ሰው የሚጎዳውም ይሄ ግማሽ እውነት ነው። ዝም የማለት መብት አለ፣ ግን ይሄ ደብዳቤ ላይ አይሰራም። የመንገድ ትራፊክ ህጉ፣ የ1988ቱ፣ አንቀጽ 172 የሚባል አለው። መኪናው በስሙ የተመዘገበ ሰው በዛ ሰአት ማን ይነዳ እንደነበር በ28 ቀን ውስጥ መናገር አለበት ይላል። ካልተናገረ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው፣ 6 ፖይንትና እስከ 1,000 ፓውንድ። ስፒዱ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ 3 ፖይንትና 100 ፓውንድ ነው። ስለዚህ ዝም ያለ ሰው ቅጣቱን በእጥፍ ነው የሚያሳድገው፣ ያ 6 ፖይንት ደግሞ ኢንሹራንሶች በጣም የሚጠሉት ኮድ ይዞ ነው ላይሰንስህ ላይ የሚቀመጠው፣ አንድ ነገር ደብቋል ብለው ነው የሚያዩህ፣ በሚኒካብ ኢንሹራንስ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ። ላይሰንስ ካወጣህ ሁለት አመት ያልሞላህ ከሆንክ ደግሞ 6 ፖይንት ማለት ላይሰንሱ ራሱ ተሰረዘ ማለት ነው፣ እንደገና ከቲዎሪ ትጀምራለህ።

ሰዎች ይሄ ራስን ማስመስከር ነው፣ ሰብአዊ መብት ነው እያሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ ተራ ክርክር አይደለም፣ ክብደት አለው፣ ግን ተሞክሮ አልቋል። ኦሃሎራንና ፍራንሲስ የሚባሉ ሁለት ሰዎች እስከ ስትራስቡርግ፣ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ወሰዱት፣ 2007 ላይ ትልቁ ችሎት 15 ለ 2 ፈረደባቸው። ምክንያቱም መኪና ለመንዳት የመረጠ ሰው አብሮት ያለውን ቁጥጥር እንደተቀበለ ነው የሚቆጠረው፣ የሚጠየቀውም አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ማን ነበር የሚነዳው። ፎቶው ላይ ፊቴ አይታይም የሚባለውም በዚሁ ነው የሚወድቀው። ብዙ ካሜራ ከኋላ ነው የሚያነሳው፣ ፊት ሳይታይ ታርጋ ብቻ ቢታይም ይበቃል፣ ፊቱን የሚሞላው ያንተ መልስ ነው።

ይሄን ስል ግን ደብዳቤው ሁሌ ትክክል ነው እያልኩህ አይደለም። የመጀመሪያው ማስታወቂያ በስሙ ለተመዘገበው ሰው በ14 ቀን ውስጥ መድረስ አለበት፣ ካልደረሰ የስፒዱ ክስ ሊወድቅ ይችላል፣ ያኔም ቢሆን ማን ይነዳ ነበር የሚለውን መመለስ አለብህ። ያንተ በሳምንቱ ደርሷል፣ መኪናው ያንተ ነው ብለሃል፣ ስለዚህ ይሄ መንገድ ላንተ ዝግ ነው። መኪና ተከራይታችሁ የምትሰሩ ልጆች ደግሞ እዚህ ጋ በጣም ትሳሳታላችሁ። 14 ቀኑ የሚቆጠረው ለመጀመሪያው ደብዳቤ ነው፣ እሱ የሚሄደው ደግሞ ለአከራዩ ድርጅት ነው፣ እነሱ ያንተን ስም ሰጥተው ላንተ በወሩም በሁለት ወሩም ቢመጣ አልፎበታል ማለት አይደለም። መኪናውን ከባለቤትህ ጋር ተፈራርቃችሁ የምትነዱና እውነት ማን እንደነበረ የማታውቁ ከሆነ ደግሞ ህጉ የሚችለውን ያህል ጥሮ ያላወቀን ሰው አይቀጣም፣ ግን መጣርህን ማሳየት አለብህ፣ ፎቶ እንዲላክልህ መጠየቅ፣ የስልክህን፣ የስራ አፑን፣ የባንክ ካርዱን ሰአት ማየት፣ ይሄን ሁሉ በጽሁፍ። አላስታውስም ብሎ አንድ መስመር መጻፍ አይሰራም።

ቁጥሩን እንየው። 20 ላይ 27። ፖሊሶች የሚሰሩበት መመሪያ አለ፣ ሊሚቱ 20 ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ጀምሮ ነው እርምጃ የሚወስዱት፣ እስከ 31 ድረስ ደግሞ ባለፉት ሶስት አመታት ኮርስ ካልወሰድክ በቅጣት ፋንታ የስፒድ ኮርስ፣ ማለትም ስለ ፍጥነት የሚያስተምር ትምህርት፣ ሊሰጡህ ይችላሉ። መመሪያ ነው፣ መብት አይደለም፣ ግን ባንተ ቁጥር በጣም የሚጠበቅ ነገር ነው። ኮርሱን ከከፈልክና ከጨረስክ ፖይንት የለም፣ ጥፋተኛ ተብሎ መመዝገብም የለም። እኔ ነበርኩ ብለህ ፈርመህ ብትመልስ በጣም ሊሆን የሚችለው አንድ ኮርስ ላይ መቀመጥ ነው። ባትመልስ 6 ፖይንት። ብትዋሽ እስር። ይሄ ነው ልዩነቱ።

እሺ አሁን መንገዱ ላይ ስለሆነው። እዚህ ጋ ደግሞ መብትህ ከምታስበው በላይ ሰፊ ነው፣ ፖሊሱም ልክ ላይሆን ይችላል።

በእግሩ የቆመ፣ በምንም ያልተጠረጠረ ሰው ለፖሊስ ስሙን የመናገር የህግ ግዴታ የለበትም። ይሄ ራይስ ቨርሰስ ኮኖሊ በሚባል የ1966 ውሳኔ የተቋጨ ነው፣ ዳኞቹ ያሉት ፖሊስን መርዳት የሞራል ግዴታ ሊሆን ይችላል፣ የህግ ግዴታ ግን አይደለም ነው። አለመናገር ብቻውን ፖሊስን ማደናቀፍ አይባልም። ስምህን ካልነገርከኝ አስርሃለሁ የሚለው ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠረጥርህ ወንጀል ያስፈልገዋል፣ ጥርጣሬ ካለ ነው ስም አለመናገር ለእስር ምክንያት የሚሆነው። ስለዚህ ጮክ ሳትል የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፣ በምን ጠርጥረኸኝ ነው፣ በየትኛው ህግ ነው የምትጠይቀኝ። መልሱን ስማ። በረብሻ ጠርጥሬህ ነው ካለህ ስምህን የመጠየቅ ስልጣን የሚሰጠው ህግ አለ፣ የ2002 የፖሊስ ሪፎርም ህግ አንቀጽ 50፣ ያኔ እምቢ ማለት ራሱ ያስቀጣል።

አንተ ግን አንድ የረሳኸው ነገር አለ፣ ቦታው ላይ የደረስከው በእግርህ አይደለም። ሹፌር ሆነህ ስትቆም ህጉ ሌላ ነው። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ያለ ምንም ምክንያት መኪና ማስቆም ይችላል፣ ላይሰንስ አሳየኝ፣ ኢንሹራንስ አሳየኝ፣ ስምና አድራሻ ንገረኝ ማለት ይችላል፣ ስትፈጥን አይቼሃለሁ ካለ ትንፋሽም ማስነፋት ይችላል፣ እዚህ ላይ እምቢ ማለት ጥፋት ነው። መኪናውን መፈተሽ ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱ በቂ ጥርጣሬ ይፈልጋል፣ ወይም ለአካባቢው የተሰጠ ልዩ ፈቃድ። አንተ ከመኪና ወርደህ ነው የቀረብከው፣ ፖሊሱ መኪናዋ ውስጥ ሆነህ ጥፋት ስትሰራ አይቼሃለሁ ካለ ስምህን መጠየቅ ይችል ነበር። አይቶ ሊሆንም ይችላል፣ ምክንያቱም ስልኩ።

ስለ ስልኩ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። ሁላችሁም መቅረጽ መብት ነው ወይ ብላችሁ ነው የምትጠይቁት፣ አዎ መብት ነው፣ አደባባይ ላይ ፖሊስን መቅረጽ የሚከለክል ህግ የለም፣ አጥፋው ብሎ ማዘዝ አይችልም፣ ስልክህን ተቀብሎ ራሱ ማጥፋት ደግሞ ጭራሽ አይችልም። ግን ከየት ሆነህ ነው የቀረጽከው? ከ2022 መጋቢት ጀምሮ ህጉ ተቀይሯል፣ ድሮ ስልክ ማውራትና መልእክት መላክ ነበር፣ አሁን በእጅ ይዞ ቪዲዮ መቅረጽ፣ ፎቶ ማንሳት፣ ስክሪኑን መነካካት ሁሉ ገብቷል፣ 200 ፓውንድና 6 ፖይንት። ቀይ መብራት ላይ መቆምም መንዳት ነው። ዳር ይዞ ሞተር ሳያጠፉ መቆም ደግሞ ክርክር የሚያስነሳ ነገር ነው፣ በደንብ ፓርክ አድርገህ ነበር ወይስ ለአፍታ ነው የቆምከው የሚለው ይታያል። ቪዲዮህ የሚጀምረው ደግሞ በመስኮት ነው፣ መሪው ይታያል፣ የሞተሩ ድምጽ ይሰማል፣ እንደነገርከኝ ከሆነ መኪናዋ ገና እየተንሸራተተች ነው። አየህ፣ 27 ማይሉ ኮርስ ያስወስዳል፣ ቪዲዮው ግን ስራህን ሊያሳጣህ ይችላል። ከእንግዲህ ምንም አትለጥፍ፣ ስለዚህ ጉዳይ አስተያየት አትጻፍ፣ ያለውን ቪዲዮ ደግሞ ዝም ብለህ ከማጥፋትህ በፊት የራስህን ሶሊሲተር (ጠበቃ) አናግር፣ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ መዘዝ አለው።

ሰውየው ከቫኑ ሰራተኛ ጋር ያደርገው የነበረው ነገርስ? ይሄ ነገር አሁን በዝቷል፣ ካሜራ ይዘው ቫኑ አጠገብ ሄደው ስምህ ማነው፣ መታወቂያህን አሳየኝ፣ ማሽኑ ተፈትሿል ወይ እያሉ እየቀረጹ የሚለጥፉ። እግረኛ መንገድ ላይ ቆሞ መቅረጽና መጠየቅ ይቻላል። እዛ ውስጥ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ፖሊስ ራሱ አይደለም፣ ፖሊስ የቀጠረው ሲቪል ሰራተኛ ነው፣ መልስ የመስጠት ግዴታም የለበትም፣ ሰው ነው ደግሞ፣ ሙሉ ቀን ብቻውን ቫን ውስጥ ተቀምጦ መስኮት እየተደበደበበት የሚውል ሰው ነው፣ ይሄን እንድታስቡለት እፈልጋለሁ። የማሽኑን ምርመራ ወረቀት የሚያሳይህ ፍርድ ቤት ነው እንጂ እሱ አይደለም። ቫኑ ቢጫ አይደለም፣ ምልክት አልተተከለም የሚባለውም ፍርድ ቤት አያድንም፣ ያ ለካሜራ አስቀማጮቹ የተሰጠ መመሪያ ነው፣ ለሹፌር መከላከያ አይደለም።

መስመሩ የሚያልፈው ሌንሱ ፊት ስትቆም፣ በጃንጥላ ስትጋርድ፣ መኪናህን ከፊቱ ስታቆም ነው። ያኔ ፖሊስን ማደናቀፍ በሚለው ሊይዙህ ይችላሉ፣ እስከ አንድ ወር እስር አለው። ለሌሎች ሹፌሮች ካሜራ አለ ብሎ ማስጠንቀቅስ? እዚህ ላይ 2005 ላይ የተወሰነ ግሌንዲኒንግ የሚባል ጉዳይ አለ፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ ሌሎችን በምልክት አስጠነቀቀ ተብሎ ተፈርዶበት ነበር፣ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ግን የተጠነቀቁት ሹፌሮች ይፈጥኑ እንደነበር ወይም ሊፈጥኑ እንደነበር ካልተረጋገጠ ማደናቀፍ የለም ብሎ ለሱ ፈረደ። ስለዚህ ሁልጊዜ ወንጀል ነው የሚሉህም ምንም አይደለም የሚሉህም ልክ አይደሉም።

ስለ ስድብ ጠይቀሃል፣ አንተ አልሰደብኩም ብለሃል፣ ጥሩ። ፖሊስ ፊት መሳደብ ብቻውን ሁሌ ወንጀል አይደለም፣ 2011 ላይ ሃርቪ የሚባል ልጅ ሃክኒ ውስጥ ሲፈተሽ በመሳደቡ የተፈረደበት በይግባኝ ተነስቶለታል፣ ፖሊስ ይሄን ቃል በየቀኑ ይሰማል፣ በስድቡ የተረበሸ ሰው ስለመኖሩ ማስረጃ የለም ተብሎ። ግን አጠገቡ ልጅ የያዘች እናት ብትኖርስ፣ ዛቻ ቢመስልስ፣ ውጤቱ ይለያል። እኔ በዚህ ቀዳዳ ሰው እንዲገባ አልመክርም።

አንድ ነገር ከልቤ ልናገር። እኛ ሰዎች ከቤት ይዘነው የመጣነው ልምድ አለ። አዲስ አበባ ትራፊኩ ያስቆምሃል፣ መንጃ ፈቃድህን ይይዛል፣ ጉዳዩ ያለው እዛው አስፋልቱ ላይ ነው፣ ትለምናለህ፣ ትከራከራለህ፣ ወንድሜ ተወኝ ትላለህ፣ እዛው ያልቃል ወይም እዛው ይከራል። ስለዚህ ጉልበታችንን ሁሉ አስፋልቱ ላይ እንጨርሰዋለን። እዚህ አገር የካሜራ ጉዳይ አስፋልቱ ላይ የለም፣ ከፖሊሱ ጋር አንድ ሰአት ብትከራከር ያቺን ፎቶ አያነሳልህም፣ እሱ ስልጣኑም የለውም። ጉዳዩ ያለው በር ላይ በወደቀችው ፖስታ ውስጥ ነው፣ እሷን ደግሞ ሳንከፍት ፍሪጅ ላይ እናስቀምጣታለን። እኔ ጋ ከሚመጡት ሀበሾች አብዛኞቹ የሚያለቅሱት በስፒድ አይደለም፣ ባልተከፈተ ፖስታ ነው።

ቤት ቀይረው ሎግቡኩ (የመኪናው መመዝገቢያ ወረቀት) ላይ አድራሻ ያልቀየሩ ልጆች አሉ። ደብዳቤው አሮጌው ቤት ይሄዳል፣ ከዛ ክሱ ይሄዳል፣ ከዛ አንድ ማጅስትሬት፣ የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ፣ ብቻውን ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ወረቀት አይቶ ይፈርዳል፣ ይሄ አሰራር ከ2015 ጀምሮ ያለ ነው፣ አንተ እዛ የለህም፣ የምታውቀው ኢንሹራንስ ስታድስ ወይም ፖሊስ አስቁሞህ ላይሰንስህ የለም ሲልህ ነው። እንደዚህ የደረሰበት ካለ፣ ስለ ፍርዱ ባወቀ በ21 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት ሄዶ ወይም ሶሊሲተር ፊት ምሎ አላውቅም ነበር ብሎ ቢፈርም ፍርዱ ይነሳና ከመጀመሪያው ይጀመራል፣ ክሱ ግን አይጠፋም። ፍርድ ቤት የቀረባችሁ ደግሞ እንግሊዝኛዬ ይበቃል ብላችሁ እንዳትጎዱ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ ራሱ በነጻ ነው የሚያመጣላችሁ፣ ቀድማችሁ መጠየቅ ብቻ ነው።

በፖሊሱ አነጋገር ተበድያለሁ ካልክ ቅሬታ ማቅረብ ትችላለህ፣ እኔም አቅርብ እላለሁ፣ ያለ ምክንያት አስርሃለሁ ማለት ቀላል ነገር አይደለም፣ በተለይ በኛ መልክ ላይ። ግን ቶሎ ነው። ለንደን ውስጥ የሜትሮፖሊታን ፖሊስ ደረቱ ላይ ያለው ካሜራ የቀረጸው ነገር ካልተያዘ በ31 ቀን አካባቢ ይጠፋል፣ ስለዚህ ቀኑን፣ ሰአቱን፣ መንገዱን፣ ትከሻው ላይ ያለውን ቁጥር ጽፈህ ቅጂው እንዲቀመጥልህ አሁኑኑ ጠይቅ። እዚህም ላይ ግን ሶሊሲተሩን አስቀድመው፣ ምክንያቱም ቅሬታህ ውስጥ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እየቀረጽኩ ሳለ ብለህ ብትጽፍ የስልኩን ነገር ራስህ ሰጠሃቸው።

ለደብዳቤው፣ ዛሬ ማታ አድርገው። ላይኛው ላይ ያለውን ቀን እይና 28 ቀኑን ቁጠር። እኔ ነበርኩ የሚለውን ክፍል ሙላ፣ የላይሰንስ ቁጥርህን ጻፍ፣ ፈርም፣ ያልተፈረመ ፎርም እንዳልተመለሰ ነው የሚቆጠረው፣ በዚህች ብቻ 6 ፖይንት የወሰዱ ሰዎች አሉ። ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ክርክሩ፣ ስለ ሰውየው ምንም አትጨምርበት፣ የተጠየቅከው ማን ነበር የሚነዳው ብቻ ነው። ፎቶ አንሳው፣ ፖስታ ቤት ሄደህ የመላኪያ ማረጋገጫ ወረቀት ተቀበል፣ እሱን በነጻ ነው የሚሰጡህ። በኢንተርኔት የሚመለስ ከሆነ ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚመጣውን ገጽ አስቀምጠው። የኮርሱ ደብዳቤ ሲመጣ መጨረሻው ቀን እንዳያልፍህ፣ ካለፈህ ወደ ፖይንቱ ነው የሚመለሰው።